«ከእንግዲህ ማስታገሻ ብቻ» ተባልን፤ አባቴን ተዉት ማለት ነው?

ጥያቄው፦ «አባቴ 63 ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የምላስ ካንሰር ተገኘበትና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ጨረርም ወሰደ። አሁን አንገቱ ላይ ተመልሶ መጥቷል። እጢው ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ቁስል ሆኗል፣ በጣም ይሸታል። ንግግሩ አይገባንም፣ መዋጥም እያቃተው ነው። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የማስታገሻ ሕክምና ብቻ ነው አሉን። ሞርፊን አዘዙለት፤ እናቴ ግን ሱስ ያስይዘዋል፣ ቶሎ ይገድለዋል ብላ ደብቃዋለች። በሽታው መመለሱን ገና አልነገርነውም። እሱ ክፍሉን ዘግቶ ነው የሚውለው፣ ልጆቼም እንዳይገቡበት ይከለክላል። ተስፋ ቆርጠውበት ነው የተዉት? ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ውስጡ ስድስት ሰባት ጥያቄ አለ፣ የቻልኩትን ያህል ሁሉንም እነካካለሁ። ግን «ተዉት ወይ?» ከሚለው ልጀምር፤ እሱ ሳይመለስ ሌላው አይገባሽም።

አልተዉአቸውም። ያስደነገጠችሽ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት፣ መደንገጥሽም ልክ ነው። እኛ ሐኪሞች ይቺን ቃል ከአፋችን ብናወጣት ጥሩ ነበር። የማስታገሻ ሕክምና፣ ብዙ ሰው ፓሊየቲቭ ኬር ብሎ የሚያውቀው ማለት ነው፣ ሕመሙን፣ ትንፋሹን፣ ቁስሉን፣ የመዋጥ ችግሩን፣ ፍርሃቱን፣ የአስታማሚውንም ድካም አንድ ላይ ይዞ የሚያክም ሙያ ነው። በዘመናዊ መልኩ ያስጀመሩት ሲስሊ ሳንደርስ የሚባሉ እንግሊዛዊት ናቸው። መጀመሪያ ነርስ ነበሩ፣ ከዚያ በሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆኑ፣ ቀጥለው ሐኪም ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን፣ በማይድን በሽታ የታመሙ ሰዎች የሚታከሙበትን ቤት ማለት ነው፣ ከፈቱ። «ጠቅላላ ሕመም» የሚል ሐሳብ አላቸው። ሰው የሚታመመው ሥጋው ብቻ አይደለም፣ ሐሳቡም፣ ቤተሰቡም፣ እምነቱም አብሮ ይታመማል ማለታቸው ነው። የአባትሽን ሁኔታ ሳነብ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ። የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን 151 ሰዎች ለሁለት ከፍለው፣ አንደኛው ወገን ከመደበኛው ሕክምና ጋር የማስታገሻ ሕክምናን ከመጀመሪያው አንስቶ እንዲያገኝ አደረጉ። እነዚህ ሰዎች ኑሯቸው የተሻለ ሆነ፣ ድብርታቸው ቀነሰ፣ የኖሩትም ረዘም ላለ ጊዜ ነው፤ በአማካይ 11.6 ወር፣ ሌሎቹ 8.9 ወር። በሽታው የሳንባ ስለሆነ ቁጥሩን በአባትሽ ላይ አትለኪው። ግን «ማስታገሻ ከጀመረ ቶሎ ይሞታል» ለሚል ሰው ይሄን ንገሪው።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልግባ።

አንቺ መጀመሪያ ማወቅ የፈለግሽው ስለ ሞርፊኑ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከሽታው እጀምራለሁ፣ ምክንያቱም አባትሽ በራቸውን የዘጉት በሽታው ብቻ ይመስልሻል? የአንገትና የጭንቅላት ካንሰር ከሌሎቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የሚቀመጠው ፊት ላይ፣ አፍ ውስጥ፣ ጉሮሮ ላይ ነው፤ ሰው ሰውን በሚያይበት፣ በሚስምበት፣ በሚያወራበት፣ አብሮ በሚበላበት ቦታ። የሆድ ካንሰር ያለበት ሰው ልብሱን ለብሶ ከሰው መሀል ይቀመጣል፣ አባትሽ ግን የሚደብቁበት የላቸውም። የሚሸት ቁስል ያለበት ሰው ሌላው አፍንጫውን ሲይዝ ባያይ እንኳን ፊቱን ያነባል። ልጆቹ እንዳይገቡ የሚከለክሉት ስለማይወዷቸው እንዳይመስልሽ፤ እንዲህ ሆነው ሊታዩ አልፈለጉም።

ሽታው ደግሞ ሊቀነስ ይችላል። ይሄን ብዙ ቤተሰብ አያውቅም፣ ስለማያውቅም አይጠይቅም። ሽታውን የሚያመጡት በሞተው ሥጋ ውስጥ አየር በሌለበት የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሜትሮኒዳዞል የሚባለው መድኃኒት በእነሱ ላይ ይሠራል። ቁስሉ ላይ የሚቀባ ጄል ሆኖ ይመጣል፤ ጄሉ ካልተገኘ እንክብሉን አድቅቆ ቁስሉ ላይ መነስነስ የተለመደ ነው፣ አንዳንዴ በአፍ ወይም በምግብ ቱቦ ይሰጣል። የትኛው እንደሚሻል ሐኪሙ ይወስናል፣ አንቺ ግን ስሙን ይዘሽ ሄደሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ለውጥ ይታያል።

ፋሻው ሲቀየር ደግሞ ጥቂት ነገር አለ። ከመቀየሩ ግማሽ ሰዓት ገደማ በፊት የሕመም መድኃኒታቸውን ይውሰዱ። የደረቀውን ፋሻ በፍጹም አትገንጥሉት፣ በንጹሕ የጨው ውኃ አርሱትና ራሱ ሲለቅ አንሱት፤ ተገንጥሎ የሚነሳ ጎዝ ያማል፣ ያደማልም። ቁስሉን አትፈትጉት። የማይጣበቅ ዓይነት መሸፈኛ ካገኛችሁ እሱን ከሥር አድርጉ፣ ፈሳሽ የሚመጠውን ከላይ። ከሰል ያለበት ሽታ የሚይዝ መሸፈኛም አለ። ፋሻው ከረጠበ ሰዓቱን አትጠብቁ፣ ቀይሩት፣ የወጣውንም ወዲያው አስራችሁ ከክፍሉ አውጡ። መስኮት ክፈቱ። ሽቶ መርጨት ግን አልመክርም፤ ሁለቱ ሽታ ይደባለቅና ከዚያ በኋላ ያ ሽቶ ራሱ ለሁላችሁም የሕመም ሽታ ይሆናል።

ስለ ጨረርም ጠይቁ። «ወስዷል እኮ» እንደምትዪ አውቃለሁ። ለማዳን ሳይሆን እጢውን ለማሳነስ፣ ቁስሉን ለማድረቅ፣ መድማቱንና ሕመሙን ለመቀነስ የሚሰጥ አጭር ጨረር አለ። አንደኛው ዓይነት በሁለት ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ይሰጥና ሰውነት ከተቀበለው ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ስድስትና ሰባት ሳምንት ከመመላለስ ጋር አይገናኝም። ቀድሞ የተጨረረ ቦታ ላይ መድገም ይቻል እንደሆነ የሚያውቀው የጨረር ሐኪሙ ነው፣ መልሱም «አይሆንም» ሊሆን ይችላል። ሳይጠየቅ መቅረት ግን የለበትም።

ወደ ሞርፊኑ።

እናትሽን አትቆጫት። ፍርሃቷን ከየትም አላመጣችውም፣ ሰው ሁሉ የሚያወራውን ነው የሰማችው። ሞርፊን የታዘዘለት ዘመድ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲሞት ያየ ሰው ሞርፊኑ ገደለው ብሎ ያምናል፤ ብዙ ጊዜ ግን መድኃኒቱ የተጀመረው በመጨረሻዎቹ ቀናት ስለነበር ነው፣ ሞቱ ቀድሞም እየመጣ ነበር። በትክክለኛው መጠን ተጀምሮ ቀስ እየተባለ የሚጨመር ሞርፊን ዕድሜ አያሳጥርም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ሕመምን ደረጃ በደረጃ ለማከም መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ያኔም ለከባድ ሕመም ዋናው መድኃኒት ሞርፊን ነበር፣ ዛሬም ነው።

ሱስ ስለሚባለው፦ ሰውነት መድኃኒቱን ይለምዳል፣ ስለዚህ በድንገት ማቋረጥ አይገባም፣ መጠኑም ከጊዜ ጋር ሊጨምር ይችላል። ሱስ ግን ሌላ ነገር ነው። ሱስ ያለበት ሰው መድኃኒቱን የሚፈልገው ከኑሮ ለመሸሽ ነው፤ አባትሽ የሚወስዱት እንደገና ቁጭ ብለው ከእናንተ ጋር ለመሆን ነው። እናትሽን እንዲህ ብለሽ ጠይቂያት፦ «ሌሊት ስንት ጊዜ ሲነቃ ትሰሚዋለሽ?» መልሱን ራሷ ታውቀዋለች።

አሰጣጡ ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። ፈሳሹ ሞርፊን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ለአራት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ የሚሰጠው በሰዓቱ ነው፣ ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም። ከፍ ካለ በኋላ ማውረድ ከባድ ነው፣ ቀድሞ መያዝ ይሻላል። በመሀል ድንገት ሲብስባቸው የሚወሰድ ተጨማሪ መጠንም አብሮ መታዘዝ አለበት፤ ካልታዘዘ ጠይቁ። ደብተር ያዙ፣ የተሰጠበትን ሰዓትና ሕመሙ ከዜሮ እስከ አስር ስንት እንደነበረ ጻፉበት። አባትሽ መናገር ስላቃታቸው ቁጥሩን በጣታቸው ያሳዩሽ። ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክለው ያንን ደብተር አይቶ ነው።

የሆድ ድርቀቱን አትናቁት። ሞርፊን የሚወስድ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይደርቃል፣ ይሄ ከጊዜ ጋር የሚለምድ አይደለም። ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይጀመር። ማቅለሽለሹና እንቅልፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይቀንሳል። እንቅልፉን አይታችሁ «ይኸው አደነዘዘው» ብላችሁ እንዳታቋርጡ፤ ለሳምንታት ያልተኛ ሰው ሕመሙ ሲቀል መጀመሪያ የሚያደርገው መተኛት ነው። የሚያሳስበው ሲቀሰቅሷቸው አልነቃ ካሉ፣ ወይም ትንፋሻቸው በጣም ከዘገየ፣ ወይም ከተቀባዠሩ ነው። ያኔ ቀጣዩን መጠን ሳትሰጡ ወዲያው ደውሉ። መድኃኒቱ ልጆች የማይደርሱበት፣ የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ። ቀስ ብሎ የሚለቅ እንክብል ከታዘዘላቸው ደግሞ አድቅቃችሁ በቱቦ እንዳትሰጡ፤ ለ12 ሰዓት የታሰበው ባንዴ ይለቀቅና አደጋ ይሆናል። ለቱቦ ፈሳሹ አለ። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፌንታኒል የሚባል ጠንካራ የሕመም መድኃኒት ከሆነ የታዘዘው፣ ላዩ ላይ ሙቅ ነገር አይደረግ፣ ሙቀት መድኃኒቱን በፍጥነት ያስገባዋል።

ጆሯቸውን ያማቸዋል? ሳልጠይቅሽ አልለፍ። የምላስና የጉሮሮ ካንሰር ጆሮ ድረስ ይወጋል፣ ነርቮቹ መንገድ ይጋራሉ። ጆሮው ሲታይ ምንም የለውም፣ ቤተሰብም ግራ ይገባዋል። እንደ እሳት የሚያቃጥል ወይም እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ካላቸው ያ የነርቭ ሕመም ነው፣ ሞርፊን ብቻውን ላይበቃው ይችላል። ጋባፔንቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን የሚጨመረው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ያመዋል» ብለሽ አትመለሺ፤ ምን ዓይነት ሕመም እንደሆነ ጠይቀሽ ንገሪያቸው።

መዋጡ ላይ ልምጣ። የምግብ ቱቦ ይግባ አይግባ የሚለው ጥያቄ በቅርቡ ይመጣባችኋል፣ ካልመጣ። ሁለት ዓይነት ነው፤ በአፍንጫ የሚገባ አለ፣ በሆድ በኩል ቀጥታ ጨጓራ ውስጥ የሚገባ አለ። የአፍንጫው ለአጭር ጊዜ ይሆናል፣ የሆዱ ለረዥም ጊዜ ይመቻል። እኔ ቤተሰብን ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እርቧቸዋል፣ ነገር ግን መንገዱ ተዘግቶባቸው ነው? ወይስ ሰውነታቸው ራሱ ምግብ መፈለግ ትቷል? መንገዱ ከሆነ የተዘጋው፣ እሳቸውም ይነሳሉ ይቀመጣሉ፣ ቱቦ በጣም ሊጠቅማቸው ይችላል፤ መድኃኒታቸውም በዚያው ይገባል። በሽታው ሰውነትን እየበላ የሚያከሳበት ደረጃ ላይ ከደረሰ ግን በቱቦ ምንም ያህል ቢገባ ሥጋ አይመልስም፣ እንዲያውም ሆድ ይነፋል፣ ያስታውካል። ሌላም ነገር አለ። ቱቦ ምራቅ ወደ ሳንባ መውረዱን አያስቀርም፣ ስለዚህ ትን ማለቱ ሙሉ በሙሉ ይቆማል ብላችሁ አትጠብቁ።

ቱቦ ቢገባም ባይገባም በአፍ የሚቀመስ ነገር ሙሉ በሙሉ አይከልከል፣ ሐኪሙ ካልከለከለ በቀር። ቀና ብለው ተቀምጠው፣ ጥቂት ጥቂት፣ ሳይጣደፉ። ከቀጭን ፈሳሽ ይልቅ ወፈር ያለው ለብዙዎቹ ይቀላል። «ብላልኝ፣ ለኔ ስትል ብላ» የሚለውን ግን ተዉት። ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። መዋጥ ላልቻለ ሰው ግን በቀን ሦስት ጊዜ የሚሰማው ወቀሳ ነው።

ትንፋሽ። አየር ሲስቡ እንደ ፉጨት ያለ ሻካራ ድምፅ ከተሰማ የአየር መንገዱ እየጠበበ ነው፣ ለነገ አይባልም፣ ያንኑ ቀን ሐኪም ይያቸው። እብጠቱን ለጊዜው የሚያጎድል ዴክሳሜታዞን አለ። አንገት ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ የሚገባ የመተንፈሻ ቱቦም አለ፤ ማፈኑን ያስቀራል፣ ግን የቀረውን ድምፅ ሊወስድ ይችላል፣ እንክብካቤም ይፈልጋል። የውስጥ ቱቦው በየቀኑ ደጋግሞ ይታጠባል፣ አክታው በማሽን ይመጠጣል፣ አየሩ እርጥበት ያስፈልገዋል። ይሄ ውሳኔ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሰውየው እየታፈነ፣ ሁሉም እያለቀሰ መወሰን የለበትም። ዛሬ ተረጋግተው ሳሉ ራሳቸው ይጠየቁ። አንዳንዱ ሰው ይግባልኝ ይላል፣ አንዳንዱ አልፈልግም፣ ማፈኑን ግን በመድኃኒት አቅልሉልኝ ይላል። ሁለቱም ይቻላል።

አሁን ከባዱን ልንገርሽ። ብዙ ሐኪም ይሄን ለቤተሰብ አይናገርም፣ ማስፈራራት ይመስለዋል። እኔ የማምነው ያልተነገረው ቤተሰብ ይበልጥ እንደሚጎዳ ነው። አንገት ውስጥ ትልቁ የደም ቧንቧ ያልፋል። እጢው ግድግዳውን ከበላው፣ በተለይ ቀድሞ የተጨረረ አንገት ላይ፣ በድንገት ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል። አብዛኞቹ ታካሚዎች ላይ አይደርስም። አንዳንዴ ከቀናት ወይም ከሰዓታት በፊት ትንሽ ደም በማሳየት ያስጠነቅቃል፤ ስለዚህ ከቁስሉም ሆነ ከአፍ የሚወጣ ትኩስ ቀይ ደም ትንሽ ቢሆንም ለሐኪሙ ይነገር። ጥቂት የሚያንጠባጥበው ተጭኖ በመያዝና በመድኃኒት ይቆማል።

ለትልቁ ግን ዕቅድ አስቀድሞ ይኑራችሁ። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቀለም ያላቸው ፎጣዎችን አልጋው አጠገብ አስቀምጡ፣ ደም በነጭ ጨርቅ ላይ በጣም አስፈሪ ነው፣ ለእሳቸውም ለእናንተም። የሚያረጋጋ መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ ሚዳዞላም፣ ቀድሞ ታዝዞ ቤት ይቀመጥ፣ ማን እንዴት እንደሚሰጠውም ነርሷ ታሳያችሁ። ከደረሰ ወደ ሚደማው ጎን አስተኟቸው፣ ፎጣውን ተጭናችሁ ያዙ፣ አንድ ሰው አጠገባቸው ሆኖ እጃቸውን ይዞ ያውራቸው። ስልክ ፍለጋ ሁላችሁም አትውጡ። በእንዲህ ያለ መድማት ሰው በጣም በፍጥነት ራሱን ስለሚስት ብዙ አይሰቃይም። በዚያች ሰዓት ከመድኃኒቱም ከሁሉም በላይ የሚጠቅማቸው የሚያውቁት ሰው ድምፅ ነው።

አረፍ በይና ቀጥሎ ያለውን አንብቢ፣ እኔ ከሁሉም በላይ ልነግርሽ የፈለግኩት ይሄን ነው።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ማንቁርታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣ አባት ነበሩኝ። ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ ነበር። እኔ «ሌሊት ተኝተዋል? ያማቸዋል? ምግብ ይወስዳሉ?» እያልኩ ልጁን እጠይቃለሁ፣ ልጁ ይመልስልኛል። ወደ አሥር ደቂቃ እንዲህ ቆየን። ሰውየው ወረቀታቸውን አነሱና ሁለት ቃል ጽፈው አሳዩኝ፦ «እዚህ ነኝ»። ከዚያ ቀን ወዲህ መናገር የማይችል ሰው ክፍል ስገባ መጀመሪያ ወንበር ስቤ ዓይናቸው ትይዩ እቀመጣለሁ።

በዚህ በሽታ ሰው ድምፁን ሲያጣ ውሳኔውንም አብሮ ይቀማል። ማንም በክፋት አያደርገውም። አነጋገሩ አልገባ ሲል መጠየቅ ይቀራል፣ መጠየቅ ሲቀር ስለ እሱ ሌሎች ማውራት ይጀምራሉ። ደብዳቤሽን ተመልከቺው፤ ሞርፊኑን እናትሽ ወሰነች፣ መነገሩን እናንተ ወሰናችሁ፣ ስለ መዋጡም አንቺ እኔን እየጠየቅሽ ነው። አባትሽ የት አሉ? የወሰኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በሩን መዝጋት። የቀረቻቸው ውሳኔ እሷ ናት።

ስለዚህ መነጋገሪያ አብጁላቸው። ስልካቸው ላይ የሚጽፉትን ጮክ ብሎ የሚያነብ መተግበሪያ ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌለ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ፣ ደብተር፣ ወይም በካርቶን ላይ ፊደላትና ዋና ዋና ቃላት ጽፋችሁ በጣት እንዲጠቁሙ። «ያመኛል»፣ «አዙሩኝ»፣ «አክታ»፣ «ብቻዬን ተዉኝ»፣ «ና ቁጭ በል» ይኑርበት። «አመሰግናለሁ»ም። ሲደክማቸው በአዎና አይደለም የሚመለስ ጥያቄ አንድ በአንድ ጠይቁ፤ አንድ ጊዜ እጅ መጨበጥ አዎ፣ ሁለት ጊዜ አይደለም። ዓረፍተ ነገራቸውን አትጨርሱላቸው፣ ቢዘገይም ጠብቁ። አትጩኹባቸውም፣ ይሰማሉ እኮ። ያልገባሽን ደግሞ እንደገባሽ አድርገሽ ራስሽን አትነቅንቂ፤ ወዲያው ነው የሚያውቁት።

በሽታው መመለሱን ስላልነገራችኋቸው ነገር፦ እሳቸው ያውቃሉ። አንገታቸው ላይ ነው ያለው፣ በእጃቸው ይዳስሱታል። የማያውቁት እናንተ ማወቃችሁን ነው፣ እናንተን ላለማስጨነቅም ዝም ብለዋል ብዬ እገምታለሁ። ሁላችሁም አንድ ቤት ውስጥ አንዱን ምስጢር ከሌላው ትደብቃላችሁ። ይሄ ደግሞ ብቸኛ ያደርጋል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሕመሙ ቀለል ባለ ሰዓት፣ እጃቸውን ይዘሽ «ስለ በሽታህ ምን ታስባለህ?» በያቸው። ጠብቂ። ቀጥሎ «ሐኪሞቹ የነገሩንን ማወቅ ትፈልጋለህ? ወይስ ለኛ ትተወዋለህ?» ሁሉን ማወቅ የሚፈልግ ሰው አለ፣ ጥቂት የሚበቃው ሰውም አለ፣ ምርጫው የእሳቸው ነው። ማወቅ ከፈለጉ በአጭሩ ንገሪያቸው፦ ተመልሷል፣ ሊያድኑት አይችሉም፣ ሕመምህን ግን ያክሙታል፣ እኛም አለን። ከዚያ ዝም በይ። ካለቀሱ አብረሽ አልቅሺ። ንግግሩን ብቻሽን ከፈራሽው ሐኪሙ ወይም ነርሷ አጠገብሽ እንዲሆኑ ጠይቂ፣ የሥራችን ዋና ክፍል ነው።

በሩ አንዴ ከተከፈተ ሌሎቹን መጠየቅ ይቀላል፤ ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ምንድን ነው? ሲብስባቸው ቤት ነው ወይስ ሆስፒታል መሆን የሚሹት? ቱቦውን ይፈልጉታል? ራሳቸውን ባያውቁ ማን ይወስንላቸው? የመለሱትን ጻፊው፣ ቀን አድርጊበት፣ ለሐኪሙም ስጪ። ሐሳባቸውን ቢቀይሩ መብታቸው ነው፣ አዲሱን ትጽፊያለሽ።

ድብርቱንም በቀጥታ ጠይቂ። የአንገትና የጭንቅላት ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከብዙ ሌሎች የካንሰር ዓይነቶች ከፍ ብሎ ይታያል። «መኖር አስጠልቶህ ያውቃል? ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ላለበት ሰው ግን እፎይታ ነው። አዎ ካሉ ብቻቸውን አትተዉአቸው፣ መድኃኒቶቹን ከአጠገባቸው አንሱና በዚያው ቀን ለሐኪም ንገሩ። ይታከማል።

የአፍ ንጽሕና ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ቀኑን ይቀይረዋል። በጣም ለስላሳ ብሩሽ፣ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ሟሙቶ በቀን ብዙ ጊዜ መጉመጥመጥ። መጉመጥመጥ ትን የሚያስብላቸው ከሆነ በዚሁ በረጠበ ስፖንጅ ወይም ጎዝ ማጽዳት። አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያ ያቃጥላል፣ ተዉት። ምላስ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ በመድኃኒት ይጠፋል። ምራቁ ወፍሮ የሚያስቸግር ወይም የሚዝረከረክ ከሆነ ለዚህም መድኃኒት አለ፤ ዝም ብላችሁ አትቻሉት።

እናትሽ ደግሞ ሌሊት ትተኛ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሌሊት ሌላ ሰው ይደርባት። ይሄን ምክር ብላችሁ አትውሰዱት፣ እንደ መድኃኒት ትእዛዝ ቁጠሩት።

የቀሩት ልጆችሽ ናቸው። ካንሰር አይተላለፍም፣ በመሳምም በመተቃቀፍም፣ ይሄን በቀጥታ ንገሪያቸው፤ ልጆች የማይጠይቁት ብዙ ነገር ይፈራሉ። ከመግባታቸው በፊት የሚያዩትን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፦ አንገቱ ላይ ፋሻ አለ፣ ፊቱ ትንሽ አብጧል፣ መናገር አይችልም ግን የምትሉትን ሁሉ ይሰማል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሥዕል ይዘው ይግቡ፣ እጃቸው ባዶ ካልሆነ አይጨነቁም። መውጣት ሲፈልጉ ይውጡ፣ አይገደዱ።

ግን ቅድሚያ ሽታውንና ሕመሙን ያዙላቸው፣ ለጥቂት ቀን። ፋሻው ከተቀየረ በኋላ፣ ሞርፊናቸውን ወስደው ተረጋግተው ሲቀመጡ፣ ሰሌዳው ላይ «ልጆቹ ይግቡ?» ብለሽ ጻፊ። ከሥሩ ሦስት ምርጫ አድርጊ፦ «ዛሬ»፣ «ነገ»፣ «አሁን አይደለም»። ሰሌዳውን ስጫቸውና በጣታቸው እስኪያሳዩሽ ጠብቂ። «ነገ» ካሉ ነገ እንደገና ይዘሽላቸው ግቢ።